ስስ ብረት በሲሊከን ገጽ ላይ፦ የፌዝ ንድፍ የማይነግረን

በፋኩልቲያችን የሚማር ተማሪ ስለ ፌዝ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የንጥረ ነገሮቹን መጠን፣ ሙቀቱንና ግፊቱን ካወቅን የሚገኘውን ፌዝ ከንድፉ ላይ እናነባለን ይላል። ያስተማርነው ይህንኑ ስለሆነ ልንወቅሰው አንችልም። ሆኖም ከአንድ የአቶም ንጣፍ የማይበልጥ ብረት በሲሊከን ገጽ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ስንመለከት ትምህርታችን ጎደሎ መሆኑን ለመቀበል እንገደዳለን።

ኢንዲየምን እንውሰድ። የሲሊከን ክሪስታል 111 በተባለው አቅጣጫ ሲቆረጥ በገጹ ላይ ያለው እያንዳንዱ አቶም አንድ ያልተያያዘ ቦንድ ይዞ ይቀራል። ንጹሑ ገጽ ይህን ጉድለት ለማቃለል ራሱን 7 በ7 በሚባለው ውስብስብ ሥርዓት ያደራጃል። ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪክ ሮረር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 በስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ አቶም በአቶም ያሳዩት ይህንኑ ሥርዓት ነበር። በጋለው ገጽ ላይ ጥቂት ኢንዲየም ሲያርፍ ግን 7 በ7 ይፈርሳል። ኢንዲየም 3 የቫለንስ ኤሌክትሮኖች ስላሉት አንዱ አቶም የ3 ሲሊከኖችን ባዶ እጅ ይይዛል፤ ስለዚህ ገጹ የሚረካው በአንድ ሦስተኛ ንጣፍ ነው። ይህን ስሌት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በጣቱ ቆጥሮ ይደርስበታል።

መጠኑ ወደ 1 ንጣፍ ሲደርስ አቶሞቹ በሰንሰለት ተሰልፈው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ከዜሮ በታች ወደ 140 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲቀዘቅዙ ደግሞ ሰንሰለቶቹ አደራደራቸውን ለውጠው ማስተላለፋቸውን ያቆማሉ። ጥቂት ተጨማሪ ኢንዲየም ሲታከል ሌላ ፌዝ ይወለዳል፤ ይህም ውፍረቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ንጣፍ ሳያልፍ በ3 ኬልቪን ገደማ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2010 ታውቋል። ብረቱም ገጹም ያው ነው። የተለወጠው ለዓይን ቀርቶ ለሚዛን እንኳ የሚያስቸግር መጠን ነው። በጎመን ዘር የታሰሰና ያልታሰሰ ምጣድ ለእንጀራው አንድ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው በዚህ ብዙ ላይደነቅ ይችላል።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ይህ ጥናት የሀብታም ቤተ ሙከራ ቅንጦት ነው ይሉናል። ዋጋውን በተመለከተ እውነት አላቸው። በአንድ ሚሊዮንኛ ቶር ግፊት እንኳ ንጹሕ ገጽ በሰከንዶች ውስጥ በቀሪው ጋዝ ሊሸፈን ስለሚችል ከዚያ በሺዎች እጥፍ የጠራ ቫኪዩም ያስፈልጋል። በአንጻሩ እያንዳንዱ የገጽ ፌዝ ነገ መሣሪያ ይሆናል የሚሉትንም አንደግፍም፤ አብዛኞቹ አይሆኑም።

ይሁንና የቲታኒየም ታሪክ ችላ ሊባል አይገባም። ቲታኒየም ከሲሊከን ጋር ሲሞቅ በመጀመሪያ የሚሠራው ውሁድ ሲ49 የሚባለው ፌዝ ነው። ለቺፕ የሚፈለገው ግን ሙቀቱ ሲጨመር የሚከተለውና ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ በ3 ወይም በ4 እጥፍ የሚያንሰው ሲ54 ነው። አዲሱ ፌዝ የሚጀምረው በተለይ 3 የክሪስታል ቅንጣቶች በሚገናኙበት ነጥብ ነው። መስመሮቹ ከግማሽ ማይክሮን እያነሱ ሲሄዱ እንዲህ ያሉ ነጥቦች ተመናመኑ፤ ለውጡም እምቢ አለ። ሙቀቱን ቢጨምሩት ፊልሙ እየተቋጠረ ይበጣጠሳል። በመሆኑም ኢንዱስትሪው በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ኮባልት፣ ቀጥሎም ወደ ኒኬል ተሻገረ። የተለመደው ንድፍ ሲ49 የሚባለውን ፌዝ ጨርሶ አያሳይም፤ የመስመርን ስፋትም አይጠቅስም።

እንግዲህ የምንጠይቀው የቫኪዩም ማሽን እንዲገዛልን አይደለም። ፌዝ በሚማሩበት ሴሚስተር ሁለት ክፍለ ጊዜ ለገጽ ይሰጥ ነው የምንለው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከላይ ባየነው የአንድ ሦስተኛ ስሌት ያልቃል። በሁለተኛው ተማሪው ያንኑ ስሌት በቲን ላይ ይሞክረው። ቲን 4 የቫለንስ ኤሌክትሮኖች ስላሉት በየአቶሙ አንድ ኤሌክትሮን ይተርፋል፤ ስለዚህ ገጹ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አለበት ብሎ ይደመድማል። ሲቀዘቅዝ ግን አያስተላልፍም። የተረፉት ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ እየተገፋፉ በየአቶማቸው ላይ ታስረው ይቀራሉና።