የፖስታ ማተሚያ መኪና እውነተኛ ዋጋ

ለንግድ ቤት የሚገዛ መሣሪያ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በተገዛበት ቀን በደረሰኝ ላይ የሚጻፈው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያው እስኪያረጅ ድረስ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ የሚከፈለው ነው። ነጋዴው ስለ መጀመሪያው ዋጋ ብዙ ይከራከራል፤ ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዞራል፤ ቅናሽም ያገኛል። ስለ ሁለተኛው የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ልማድ ጉዳት በግልጽ ከሚታይባቸው ዕቃዎች አንዱ፣ ቀለም እየረጨ በፖስታ ላይ አድራሻና የድርጅት ምልክት የሚያትመው፣ ኢንክጄት የሚባለው የማተሚያ መኪና ነው።

ፖስታ ዘመኑ አልፎበታል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በእርግጥ ብዙው የንግድ መልእክት ዛሬ በስልክና በኢሜል ይላካል። መንግሥትም የግዥውን ሥራ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት በማዛወር ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ ብዙ ጨረታ አሁንም በታሸገ ፖስታ ይቀርባል። የባንክ ሰነድ፣ የሒሳብ መግለጫ፣ የሠርግና የምረቃ ጥሪ ወረቀትም ያለ ፖስታ አይሄድም። በጨረታ ዋዜማ መኪናው ቢቆም የሚጠፋው የቀለም ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱ ያለፈበት ሰነድ ተቀባይ ስለማያገኝ የወራት ድካም ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የዚህ መኪና ወጪና ጥገና የጸሓፊዎች ጉዳይ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

መኪናዎቹ በአሠራራቸው ከሁለት ይከፈላሉ። በአንደኛው ዐይነት፣ ቀለሙን የሚረጨው ክፍል፣ በጥገና ባለሙያዎች ዘንድ «ሄድ» የሚባለው፣ ከካርትሪጁ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ለምሳሌ በብዙ የአድራሻ ማተሚያ መኪናዎች ላይ የሚያገለግለውና በሒውሌት ፓካርድ 45 ቁጥር የታወቀው ካርትሪጅ 42 ሚሊ ሊትር ቀለም ይይዛል፤ ሄዱም በላዩ ላይ ነው። ቀለሙ ሲያልቅ ሄዱም አብሮ ይጣላል። በዚህ ምክንያት የቀለሙ ዋጋ ውድ ነው፤ ነገር ግን ሄዱ ቢደፈን ካርትሪጁን በመለወጥ ብቻ ሥራው ይቀጥላል። በሁለተኛው ዐይነት ሄዱ በመኪናው ላይ የተተከለ ሲሆን፣ ቀለሙ ከጠርሙስ ወይም ከትልቅ ጋን ይቀዳል። ቀለሙ ርካሽ ነው፤ ሄዱ ግን ውድ ነው። ከነዚህም መካከል በፍጥነታቸው የታወቁት የሜምጄት ሄዶች የወረቀቱን ወርድ በሙሉ የሚሸፍኑ ሲሆኑ 70,400 ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳዎቹ ከሰው ጠጉር የቀጠኑ ስለሆኑ ጥቂት አቧራ ወይም የደረቀ ቀለም ሊደፍናቸው ይችላል። እንግዲህ ገዢው ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ ወጪውን በቀለሙ ላይ ወይም በሄዱ ላይ ለመሸከም መምረጡ ነው፤ ከሁለቱም የሚያመልጥበት መንገድ የለም።

ብዙ ሰው ቀለም የሚያልቀው በማተም ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መኪናው ሲነሣ፣ ካርትሪጅ ሲለወጥበት ወይም ለብዙ ቀን ሳይሠራ ሲቀመጥ፣ ሄዱን ለማጽዳት ቀለሙን እየሳበ ከውስጡ ወዳለው ስፖንጅ ያፈሰዋል። ይህ ስፖንጅ ሲሞላ ብዙዎቹ መኪናዎች አንሠራም ብለው ይቆማሉ። አንዳንዱ መኪና ስፖንጁ በሣጥን ሆኖ በቀላሉ የሚለወጥ ነው፤ ሌላው ግን ባለሙያ ካልፈታው አይሆንም። በካርትሪጅ ሣጥን ላይ የሚጻፈውም የገጽ ብዛት የሚለካው፣ እንደ አይኤስኦ/አይኢሲ 24711 ባለ ዓለም አቀፍ ደንብ፣ መኪናው በተከታታይ ሲያትም ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሃምሳ ፖስታ የሚያትም ነጋዴ ያንን ቁጥር አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባውም።

ፖስታ ደግሞ ከተራ ወረቀት ይልቅ መኪናን ያደክማል። ወረቀቱ በተደራረበበት በኩል ይወፍራል፤ በሌላው በኩል ይሳሳል። ስለዚህ ሄዱ ሊነካውና ሊያበላሸው ይችላል። የፖስታው ብናኝ በላስቲክ ሮለሮቹ ላይ ተለጥፎ ያንሸራትታቸዋል። በክረምት እርጥበት የክዳኑ ሙጫ ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ ደረቁ አየር ቀለሙን በቀዳዳው አፍ ላይ ያደርቀዋል። መብራት በድንገት ሲቋረጥ ሄዱ ወደ መክደኛው ሳይመለስ ስለሚቀር ክፍት ሆኖ ያድራል። ስለዚህ መኪናውን ከሶኬቱ በመንቀል ማጥፋት ክፉ ልማድ ነው፤ በራሱ ቁልፍ ሊጠፋ ይገባል። አነስተኛ ዩፒኤስ መግዛትም ከሄድ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይሆንም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጻል። የሚከተሉት አኃዞች ለስሌቱ ምሳሌ የተወሰዱ እንጂ የማንም ሱቅ ዋጋ አይደሉም፤ ማንኛውም ነጋዴ በእነርሱ ፋንታ የራሱን ማስገባት ይችላል። ዋጋው 30,000 ብር የሆነ ባለ ካርትሪጅ መኪና አለ እንበል። ካርትሪጁ 3,000 ብር ሲሆን በጽዳት የሚባክነው ተቀንሶ 750 ፖስታ ቢያትም፣ የአንዱ ፖስታ ቀለም 4 ብር ይሆናል። ሌላው ባለ ጠርሙስ መኪና 75,000 ብር ነው፤ የ2,000 ብር ጠርሙስ 4,000 ፖስታ ቢያትም የአንዱ ቀለም 50 ሳንቲም ነው። ለመጀመሪያው በሦስት ዓመት የ12,000 ብር ጥገና፣ ለሁለተኛው ደግሞ የ25,000 ብር ሄድ ይጨመር።

በወር 1,000 ፖስታ የሚያትም ድርጅት በሦስት ዓመት 36,000 ፖስታ ያትማል። ርካሽ የተባለው መኪና 186,000 ብር ያስወጣዋል፤ ይኸውም ለአንድ ፖስታ 5 ብር ከ17 ሳንቲም ነው። ውድ የተባለው ግን 118,000 ብር፣ ማለትም ለአንድ ፖስታ 3 ብር ከ28 ሳንቲም ብቻ ይፈጃል። በግዥው ቀን 45,000 ብር ያተረፈ የመሰለው ነጋዴ በመጨረሻው 68,000 ብር ከስሮ ይገኛል።

በወር 100 ፖስታ ብቻ ለሚያትም ሱቅ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። በሦስት ዓመት 3,600 ፖስታ ሲታተም የመጀመሪያው መኪና 56,400 ብር፣ ሁለተኛው 101,800 ብር ይፈጃል። ሥራ ያነሰው መኪና ሄዱ ቶሎ ስለሚደርቅ ጥገናው አይቀንስም፤ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ማተሚያ ቤት በአንድ ፖስታ 6 ብር ቢያስከፍል ግን ያንኑ ሥራ በ21,600 ብር ይጨርሰዋል። እንግዲህ ለዚህ ሱቅ የሚበጀው መኪና አለመግዛት ነው። የድርጅቱን ስምና አድራሻ በብዛት በማተሚያ ቤት አሳትሞ፣ የተቀባዩን ስም ብቻ በቢሮው ባለው ተራ ፕሪንተር ወይም በእጅ ጽሑፍ መሙላት ይበቃዋል። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ግዥ የተነገረ ይመስላል።

ወጪውን ለመቀነስ ሲሉ የተሞላ ካርትሪጅ ወይም ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ቀለም የሚገዙ አሉ። ይህን በጅምላ መንቀፍ አይገባም፤ ልዩነቱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ሄዱ ከካርትሪጁ ጋር በተሠራበት መኪና ላይ መጥፎ ቀለም ቢገባ በአብዛኛው የሚጠፋው ካርትሪጁ ነው። ሄዱ በተተከለበት መኪና ላይ ግን ያው ስሕተት ሄዱን ያበላሻል፤ ጥቂት መቶ ብር ለማዳን ተብሎ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ማጣት ይመጣል። ደግሞም ለፖስታ የሚሆነው ቀለም የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በውኃ የሚሟሟው ቀለም በክረምት ዝናብ አድራሻውን ያጠፋል። ደቃቅ ዱቄት ያለበት፣ ፒግመንት የሚባለው ቀለም ውኃን ይችላል፤ ነገር ግን ሳይሠራ ሲቀመጥ ቶሎ ይደፍናል።

ከውጭ አገር በዘመድ እጅ መኪና የሚያስመጡም መጠንቀቅ አለባቸው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ የአገራችን መብራት ግን 220 ቮልት ነው። አንዳንድ አምራቾች ካርትሪጃቸውን በክፍለ ዓለም ስለሚለዩ በአንዱ አገር የተገዛ መኪና የሌላውን አገር ካርትሪጅ አልቀበልም ይላል። የፖስታውም ልክ ይለያያል፤ በአሜሪካ የተለመደው ቁጥር 10 ፖስታ 105 በ241 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ ደንብ ዲኤል የሚባለው 110 በ220 ሚሊ ሜትር ነው። የፊደሉም ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ መዝገብ ገብቷል፤ ነገር ግን በውስጡ የተሞሉለትን የላቲን ፊደሎች ብቻ የሚያትም የአድራሻ መኪና አማርኛን በቀጥታ አይጽፍም። ስለዚህ ከክፍያ በፊት በአማርኛ አድራሻ አንድ ፖስታ ማሳተም ብልህነት ነው።

ስለ ገዢው ይህን ያህል ከተባለ ስለ አስመጪውም መናገር ተገቢ ነው። ብዙ አስመጪ መኪናውን ያመጣል፤ ሮለሩን፣ ስፖንጁን፣ የሄዱን መክደኛና ሄዱን ራሱን ግን አያመጣም። ምክንያቱን ሲጠየቅ የውጭ ምንዛሪ ውድ መሆኑን፣ መለዋወጫም በመጋዘን ተቀምጦ ገንዘብ የሚያስር መሆኑን ይገልጻል። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም። የብር የምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ እጅግ ተወድዷል። ነገር ግን ይኸው ምክንያት ለተቃራኒው ሐሳብም ይመሰክራል። በአንድ ሮለር እጦት የተጣለ መኪና ማለት የወጣበት የውጭ ምንዛሪ በሙሉ ተጣለ ማለት ነው። ሮለርና ስፖንጅ ክብደታቸው ትንሽ፣ ዋጋቸውም ከመኪናው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ፣ ከመኪናዎቹ ጋር በአንድ ጭነት ቢመጡ የሚያስሩት ገንዘብ ብዙ አይሆንም። መኪና ሸጦ የሚሰወር አስመጪ ትርፉ የአንድ ቀን ነው፤ መለዋወጫና ቀለም በመደብሩ የሚያገኝ ደንበኛ ግን ለዓመታት ይመላለሳል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልማድ ሊሆን ይገባል። አንደኛ፣ ሻጩ ከመኪናው ዋጋ ጎን የካርትሪጁን ወይም የጠርሙሱን፣ የሄዱንና የስፖንጁን ዋጋ በጽሑፍ ያሳይ፤ ከነዚህም በመደብሩ የሚገኘውንና የማይገኘውን ለይቶ ይናገር። ይህን ለመጻፍ የማይፈቅድ ሻጭ ቢያጋጥም፣ ገዢው ዝምታውን እንደ መልስ ይቁጠረው። ሁለተኛ፣ ገዢው ለመኪናው አንድ ደብተር ይክፈትለት። ጸሓፊው ካርትሪጅ የተለወጠበትን ቀን፣ የታተመውን የፖስታ ብዛት፣ መኪናው የቆመበትን ሰዓትና ለጥገና የተከፈለውን ገንዘብ ይመዝግብ። በስድስት ወር ውስጥ ደብተሩ የአንዱን ፖስታ እውነተኛ ዋጋ ይናገራል፤ መኪናው እንዲቆይ ወይም እንዲሸጥ የሚወስነውም ያ ቁጥር ይሆናል።

የንግድ ምክር ቤቱም በአባሎቹ መካከል ይህን የዋጋ ዝርዝር የሚሰጡትን አስመጪዎች ለይቶ ቢያስታውቅ፣ ገዢው ማንን እንደሚያምን ያውቃል፤ ደንበኛውን በቅን የሚያገለግለውም ነጋዴ የድካሙን ዋጋ ያገኛል። ሥራው አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን በፖስታ ማተሚያ የተለመደው አሠራር ነገ ለሚዛኑም፣ ለማቀዝቀዣውም፣ ለወፍጮውም ሊውል ይችላል።