ደሙ ታጠበ፣ ሰውየው ግን ጎበጠ

የኩላሊት እጥበት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ማሽንና ስለ ብር ነው። ታማሚው በራሱ ጉልበት መነሳት ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እጥበት በተለምዶ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜውም 4 ሰዓት ገደማ ነው። ከነፋስ መውጫ ባሕር ዳር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ለስማዳና ለእስቴ ሰውም መንገዱ ቀላል አይደለም። ታማሚው አንድም መኪና ላይ፣ አንድም በኪራይ ቤት ተቀምጦ ይውላል። በሽታው ራሱ ጡንቻ ያመነምናል፣ አጥንት ያደክማል። መቀመጥ ሲጨመርበት ወገብ ይጎብጣል፣ ጉልበት ይከዳል። ትናንት ሞፈር ጨብጦ ይውል የነበረ ገበሬ ዛሬ ከወንበር ለመነሳት ደጋፊ ይሻል።

«የታመመ ይረፍ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይጎዳል። ሐኪም አይቶ ከፈቀደ፣ በመጠን መራመድም ሆነ በእጥበት ሰዓት ፔዳል መምታት አቅም እንደሚያሻሽል ጥናቶች አሳይተዋል።

«አገሩ ድሃ ነው» ማለትም አያዋጣም። ታማሚውን ከወንበር 5 ጊዜ አስነስቶ በሰዓት መለካት ዶላር አይጠይቅም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት ያሠለጥናል፤ ለየእጥበት ክፍሉ ይመደብ።

ለማሳከሚያ ብር የሚያዋጣ ሕዝብ፣ ያሳከመው ሰው ቆሞ እንዲሄድ የመጠየቅ መብት አለው።