ጥናት በወረቀት ብዛት አይመዘንም

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ወንዙ ውስጥ ሞተው አገኙ። ደሃ አገር በጓሮዋ የሚበቅል መድኃኒት አገኘች ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና የሳይንስ ብቻ አልነበረም፤ የገንዘብና የአመኔታም ነበር። በኢትዮጵያ ላቦራቶሪ የተገኘው ውጤት ዓለም አቀፍ ተቋማትን ለማሳመን ዓመታት ፈጀ። የእንዶድ ደኅንነት በእነሱ ደረጃ ተመርምሮ ይምጣ ተባለ፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ እንደ ልብ አልተገኘም። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ግኝቱ 25 ዓመት ሞልቶት ነበር። በኋላም እንዶድን ለሌላ ዓይነት የውኃ ተባይ ማጥፊያነት ፓተንት ያስመዘገበው የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከዚህ ምን ተማርን? ብዙም አይመስልም።

ዛሬም የሕክምና መምህር የማዕረግ እድገት ሲጠይቅ ከሚቆጠሩለት ነገሮች ዋናው ያሳተመው ጽሑፍ ብዛት ነው። ስለዚህ አንዱ ጥናት ለሦስት ይቆራረጣል፤ ገንዘብ ተቀብሎ ሳይመረምር የሚያትም መጽሔትም ገበያው ይደራል። ትልልቁ የጥናት ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል። ገንዘቡ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ግን ከፋዩ ጥያቄውንም ይመርጣል። የእንዶድን ዓይነት ጥያቄ ማን ይክፈልበት? የአፍሪካ ኅብረት አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለመመደብ ቃል ከገቡ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቃል ግን ላቦራቶሪ አይገነባም።

«ቁጥር ቢያንስ ከዝምድና ይሻላል» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መለኪያ የሌለበት ቤት ለዘመድ አዝማድ ይመቻል። መፍትሔው ግን መለኪያውን መጣል ሳይሆን ማስተካከል ነው። ተመራማሪው ከጽሑፎቹ ሁሉ የተሻሉትን ሦስቱን ብቻ ያቅርብ፤ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያሉ ባለሙያዎች አንብበው ይፍረዱ። መረጃው ለሌላ ተመራማሪ ክፍት ነው? ውጤቱ ጤና ጣቢያ ደርሷል? «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል ሐቀኛ ውጤትስ ይቆጠርለታል? መንግሥትም ትንሽም ብትሆን በየዓመቱ የማትቋረጥ በጀት ይመድብ፤ ጥያቄውን የአገሬው ሐኪም ይምረጥ።

አለዚያ ቀጣዩ እንዶድ ወንዝ ዳር ይቀራል፤ ያየው ተመራማሪ ግን ለእድገቱ የጎደለችውን አንድ ጽሑፍ ሲያሳድድ ይከርማል።