አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ሰሞኑን በምግብ አዳራሹ ወረፋ ላይ ቆመን ሳለን አንድ ጓደኛችን «የቆላ ልጅ ከብት ይጠብቃል እንጂ ኬሚስትሪ አይሆንለትም» ሲል ሰማሁት። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እኔ የጎብዬ ልጅ ነኝና አልሳቅሁም። ነገሩ የወረፋ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትቼው ባለፍሁ ነበር። ነገር ግን ይኸንኑ ቃል በለሰለሰ አነጋገር ከመምህራንም አፍ ሰምተነዋል፤ «ተማሪው ሰነፍ ነው፣ መሠረት የለውም» ይባላል። ስለዚህ መልስ መስጠት ግድ ሆነብኝ።

በመጀመሪያ ውድቀቱ የራያ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንግዲህ ተማሪው ሰነፍ ነው የሚል ሁሉ፣ ይህ ስንፍና እንደ ተስቦ አገር ምድሩን በአንድ ዘመን ያዳረሰው ከወዴት መጥቶ እንደ ሆነ ያስረዳን።

እኔ የማውቀውን ክፍል ልንገራችሁ። በራያ ቆላ ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ሌሎቹም ይመስሉታልና። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ምጣድ ይግላል። ለሦስት በተሠራው ዴስክ አምስት ሆነን እንቀመጣለን። ከኋላ ያለው ሰሌዳውን አያይም። መምህሩ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ደወል ይደወላል። ኬሚስትሪ ማለት ይህ ነበር።

የላቦራቶሪ ክፍልም ነበረን፤ ቁልፍም ነበረው። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በተማርሁባቸው ዓመታት ደጁ ተከፍቶ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው እንግዶች ሊጎበኙ ሲመጡ፣ ሁለተኛው የተሰባበረ ወንበር ሊከማችበት። ስንጠይቅ «ዕቃው እንዳይሰበር ነው» ተባልን። ለምን ቢሉ፣ ዕቃ የሰበረ ይጠየቃል፣ ዕቃ የቆለፈ ግን አይጠየቅም። እንግዲህ የትኛው መምህር ነው ደጁን የሚከፍተው?

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመለሰ። በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ፈረሱ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም የብዙዎቹን ደጅ ዘጋ። ይህን ጥፋት የሚክድ የለም። ሆኖም ጉድለቱን ሁሉ በጦርነት ማላከክ አይገባም። እኔ ያየሁት ደጅ የተቆለፈው ከጥይቱ በፊት ነው።

በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 100 ተማሪዎች 70ው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ወስኖ ነበር። ቁጥሩ ታዘዘ፤ ላቦራቶሪው ይከፈት ብሎ ያዘዘ ግን አልሰማንም።

በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የነበረው የኬሚስትሪ መምህር አሌክስ ጆንስተን በ1991 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ኬሚስትሪ ሦስት ገጽ አለው፦ በዓይን የሚታየው ነገር፣ የማይታየው አተምና ሞለኪውል፣ እንዲሁም ምልክቱና ቀመሩ። ለእኛ የተሰጠን ሦስተኛው ብቻ ነው። ነገሩን ያላየ ሰው ምልክቱን ሲሸመድድ ከድግምት በምን ይለያል?

መጽሐፋችን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ይህ በባሕር ወለል ላይ እውነት ነው። የቆቦ ሜዳ ግን ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ግድም ከፍ ስለሚል፣ የአየሩ ግፊት አንሶ ውሃው በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እኛ በየፈተናው «100» ብለን እየጻፍን ነጥባችንን ተቀበልን፤ በእናቶቻችን ምድጃ ላይ የፈላው ውሃ ግን አንድም ቀን 100 ደርሶ አያውቅም። ይህን ለማወቅ አንድ ድስትና አንድ ቴርሞሜትር ይበቃ ነበር።

አባቶቻችን በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ ሲያርሱ በዩሪያው ከረጢት ላይ 46 የሚል ቁጥር ያያሉ። ልጁ 11ኛ ክፍል ደርሷል። የዩሪያ ሞለኪውል ክብደት 60 እንደ ሆነ፣ ከዚያም 28ቱ ናይትሮጅን እንደ ሆነ በደብተሩ አስልቷል። አባቱ «ይህ 46 ምንድን ነው?» ቢለው ግን ዝም ይላል፤ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው ማለቱ መሆኑን ማንም አላገናኘለትም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

«አገራችን ድሃ ናት፤ ዕቃው ከየት ይምጣ?» የሚሉ አሉ። ሎሚ አሲድ ነው፤ የአመድ ውሃ ቤዝ ነው፤ የከርከዴ ውሃ በሁለቱ ውስጥ ቀለሙን ይለዋውጣል። ይህ ሁሉ በጎብዬ ገበያና ጓዳ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ የእንዶድን ኃይል ያስተዋሉት፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየት ነው። ድህነት ዓይን አያሳውርም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ የዩኒቨርሲቲያችን ላቦራቶሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይከፈት። ሁለተኛ፣ ለመምህርነት የሚሠለጥኑት ጓደኞቻችን በቅርብ በሚገኝ ዕቃ ማስተማር መቻላቸው ይፈተን። ሦስተኛ፣ በማስተማር ላይ ሳለ ለተሰበረ ብርጭቆ መምህሩ አይክፈል፤ ዓመት ሙሉ ለተቆለፈ ላቦራቶሪ ግን ኃላፊው ይጠየቅ።

ይህን መጠየቅ ያስፈራል፤ ባለ ቁልፉን ያስቀይማልና። ተማሪውን መስደብ ይቀላል። ለዚህም ነው አህያውን ፈርተን ዳውላውን ስንደበድብ የኖርነው።

ያን ጓደኛዬን አልተቀየምሁትም። በክረምት ወደ ጎብዬ ይምጣ፣ እንግዳዬ ይሆናል። ቴርሞሜትር ይዞ ይምጣ እንጂ ሌላ ስጦታ አያምጣ፤ ውሃውን እኛ እናፈላለን።