እርማቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ይሞክር

የትምህርት ቤት ፕሮጀክት በሚታዘዝበት ሰሞን ማታ ማታ በየቤቱ የሚሆነውን ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ካርቶኑን የሚቆርጠው አባት ነው፤ የኢትዮጵያን ካርታ በማርከር የምታሰምረው እናት ናት። ልጁ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሙጫ ሲያቀብል ይቆይና እንቅልፍ ይጥለዋል። ጠዋት ያማረውን ካርታ ተሸክሞ ይሄዳል፤ 10 ከ10 ይዞ ይመለሳል። ማርኩ የማን እንደሆነ ግን ልጁም፣ ወላጆቹም፣ መምህሯም ያውቃሉ።

እነዚህን ወላጆች ክፉ የሚላቸው የለም። ልጃችን በጓደኞቹ ፊት አይፈር፣ ውጤቱም አይበላሽ ብለው ነው እንቅልፋቸውን ያጡት። እኔ ግን እንዲህ ያለው እርዳታ ልጁን ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። ሰው ማሳደግ የሚፈልግ፣ የሚያድገው ሰው ብዙ ሳይጎዳ የሚሳሳትበትን ቦታ አዘጋጅቶ እጁን መሰብሰብ አለበት።

ይህን ከቅኔ ቤት አስቀድሞና አጥርቶ የተረዳ ትምህርት ቤት በአገራችን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ከየኔታ ይቀበላል። ቅኔውን ግን ማንም አይሰጠውም። ገለል ብሎ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ተቀምጦ ብቻውን ይቆጥራል፤ ቃል ሲመርጥ፣ ሰሙን ከወርቁ ሲያጋጥም፣ ቤት ሲያስመታ ይውላል። ከዚያ ለነገራ ይቀርብና የቆጠረውን ከመምህሩ ፊት ይናገራል። አገባቡ ከተፋለሰ፣ ልኩ ከጎደለ ወይም ምስጢሩ አልገናኝ ካለ የሚታረመው ያኔ ነው። እርማቱም ይገባዋል፤ ያ የተነቀፈ ቃል ቀኑን ሙሉ የደከመበት የራሱ ቃል ነውና።

ትልቁ ጥበብ ደግሞ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጀማሪው የሚነሳው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ጉባዔ ቃና ነው። ሦስት ቤት ወዳላቸው ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ ያልፋል፤ ደረጃ በደረጃ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ስለዚህ የጀማሪው ስህተት በሁለት ቤት የተወሰነ ነው። የሚሰማውም በጓደኞቹና በየኔታ ፊት እንጂ በበዓል ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን፣ ምእመናን በተሰበሰቡበት አይደለም። ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን ስላለበትም የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ አያስኬድም። የኔታ አዝነው ዛሬ ቢቆጥሩለት፣ ነገ ባዶ አፉን ሊቀርብ ነው።

ቢሮዎቻችን ከዚህ ብዙ ሊማሩ ይገባል። አዲስ የተቀጠረ ወጣት ደብዳቤ አርቅቆ ለአለቃው ያቀርባል። አለቃው አንብቦ ይተክዝና «ተወው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላል። ደብዳቤው በደቂቃዎች ያልቃል፤ ወጣቱ ግን ምኑ ላይ እንደተሳሳተ ሳያውቅ ይወጣል። ይህ ሲደጋገም «እሳቸው ያስተካክሉታል» ብሎ የመጣለትን መጻፍ ይጀምራል። አለቃውም «የዛሬ ልጆች» እያለ ያማርራል። አንድ የማከብራቸው የሥራ ኃላፊ ግን ረቂቅ ሲቀርብላቸው ብዕር አያነሱም። «ይህን ያነበበ ሰው ምን እንዲያደርግልን ነው የምንፈልገው?» ብለው ጠይቀው ወረቀቱን ይመልሳሉ። ወጣቱ ሁለቴም ሦስቴም ይመላለሳል። የዚያን ቀን ሥራው ይጓተታል፤ ከጊዜ በኋላ ግን እሳቸው በሌሉበት ቢሮው አይቆምም።

በእርግጥ ሁሉም ስህተት አይፈቀድም። ወደ እሳት የሚሄድን ሕፃን «ይማርበት» የሚል ወላጅ የለም፤ ፍሬን የሚያጠብቀውን ለማጅ ሳይቆጣጠር መኪና የሚለቅ መካኒክም የለም። «ድሃ የሚሳሳትበት ትርፍ ገንዘብ የለውም» የሚለው ሙግትም እውነት አለው። ተበድሮ ዘር ለገዛ ገበሬ አንድ የከሸፈ ክረምት የዓመት ረሃብ ነው። ነገር ግን ስህተት ውድ በሆነበት አገር ርካሹን ስህተት ቶሎ መሳሳት ይበልጥ ያስፈልጋል። በ10 ዓመቱ ካርታ ያበላሸ ልጅ የሚያጣው ጥቂት ማርክ ነው። በ25 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ የሚወስን ሰው ግን ሥራውን፣ ትዳሩን፣ የቤተሰቡን ጥሪት ይዞ ነው የሚሳሳተው።

የዚህን ምልክት በፈተና ላይም አይተናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ጦርነቱ፣ ወረርሽኙ፣ የመጽሐፍና የመምህር እጥረቱ ሁሉ አለበት። ሆኖም ሌላው በሠራለት የቤት ሥራና በኮረጀው መልስ ከክፍል ክፍል ሲያልፍ የኖረ ተማሪ፣ ብቻውን ከጥያቄ ወረቀት ጋር ሲፋጠጥ የት የት እንደሚሳሳት እንኳ አያውቅም። ቀድሞ ያሳየው የለምና።

ስለዚህ መምህራን፣ እባካችሁ ጠማማውን ካርታ በደስታ ተቀበሉ፤ በወላጅ እጅ ለተሠራው አሥር ከአሥር አትስጡ። ወላጆች፣ ሙጫውና መቀሱ በልጁ እጅ ይሁን፤ እናንተ አጠገቡ ሁኑ፣ ሲጠይቃችሁ መልሱ፣ ሲጨርስ የጎደለውን አሳዩት። አለቆችም ረቂቁን ከጥያቄ ጋር መልሱ። ይህ ሠርቶ ከመስጠት ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጊዜም ይወስዳል። ነገር ግን ዘወትር አብረናቸው አንኖርም፤ እኛ በሌለንበት ቀን የሚያገለግላቸው ዛሬ በእጃቸው የሠሩትና በእጃቸው ያረሙት ብቻ ነው።