ወረራው ሳያልቅ

እህቶች፣ ቼዝ የሌላ ሰው ጨዋታ አይምሰላችሁ። እኛም አገር ሰንጠረዥ የሚባል የራሳችን ቼዝ ነበረን፤ መኳንንቱ ጨርቅ ላይ መስመር አስምረው ይጫወቱት ነበር። አጀማመሩ ግን ለየት ይላል።

በውድድር ቼዝ ነጩ ይጀምራል፣ ጥቁሩ ይመልሳል፣ እንዲህ በተራ ይቀጥላል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ መጠበቅ ነው። ጎበዝ ተጫዋች በወረራው ጊዜ የሌላውን እጅ እያየ የራሱን ሰልፍ ያስተካክላል።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ አዲስ ቤት ስንገባ የመጀመሪያው ሳምንት ወረራ ነው። ብዙዎቻችን ግን «መጀመሪያ ይልመዱኝ፣ ስለ እረፍት ኋላ እጠይቃለሁ» እንላለን። እኛ ተራ ስንጠብቅ ማዳም ፓስፖርቱን ቆልፋ፣ የእህቷን ቤት ጽዳት ጨምራ፣ እሁድን የሥራ ቀን አድርጋ ትጨርሳለች። በሦስተኛው ወር ስንጠይቅ መልሱ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ነው።

«በጨዋታው ሁለቱም እኩል ጠጠር አላቸው፣ እኛ ምን አለን?» የምትል እህት እውነቷን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ካፋላው ደግሞ መኖሪያ ፈቃዳችንን ከአሠሪው ጋር አስሮታል። ቢሆንም ጭራሽ ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ውል በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ተከታታይ እረፍት ይላል።

ስለዚህ ጊዜው ሳያልፍ፣ የማዳምን ጸባይ አይተሽ፣ ደሞዝ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈልና የእረፍትሽ ቀን የትኛው እንደሆነ በግልጽ ተነጋገሪ። የፓስፖርትሽንና የውልሽን ፎቶ ለምታምኛት እህት ላኪ። ሰፈሩን፣ ሕንፃውን፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ንገሪያት። ቁጥሯን በቃልሽ ያዢ፤ ስልክ ሊነጠቅ ይችላል። ይህ ጠብ መፈለግ አይደለም። ማንንም ሳይበሉ መሰለፍ ነው።

ኦዛይ ያለን ነባሮችም ሥራ አለብን። አዲስ የመጣች ልጅ ስትደውል «ቻይው» ለማለት አንቸኩል። «አድራሻሽን ማን ያውቃል? የውልሽ ፎቶ የት አለ? የእረፍት ቀንሽስ?» ብለን እንጠይቃት። «ቻይው» ጠጠሩ ከተበላ በኋላ የሚመጣ ምክር ነው።