ጎረቤታችን ሱዳን

በዚህ ዓምድ ባለፉት ወራት ባሕር ተሻግረን ስለ ብራዚልና ስለ ቺሊ መጻፋችንን አንባብያን ያስታውሳሉ። ከዚያ በኋላ እኛ በምናስተምርበት በመተማ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «መምህር፤ ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር ስሙን የሚለውጠው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። የብራዚልን ወንዞች በቃሉ የሚያወርድ ልጅ ከድልድዩ ማዶ ስላለው አገር ግን ከስሙ በቀር የሚያውቀው እንደሌለ ባየን ጊዜ አፈርን። ጥፋቱ የመምህሩ እንጂ የልጁ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሱዳን እንጽፋለን።

ከጥያቄው እንነሣ። ጓንግ ከጣና በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለው ደጋ ወርዶ፣ የመተማን ቆላ አቋርጦ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ሽንፋ ራሃድ፣ ተከዜ ሰቲት ይሆናሉ። ዓባያችንም «ኒል አል አዝራቅ»፣ ማለት ሰማያዊ ዓባይ ተብሎ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ቋንቋው ስለሚለወጥ ስሙ ይለወጣል፤ ውኃው ግን ያው ነው።

ሱዳን ከእንግሊዝና ከግብፅ የጋራ አገዛዝ ወጥታ ነጻነቷን ያገኘችው ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ነው። ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. እስክትለይ ድረስ በአፍሪካ በስፋት አንደኛ ነበረች፤ አሁንም ስፋቷ ከ1,800,000 ኪሎ ሜትር ካሬ በላይ ነው። ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ መግባቢያው ዐረብኛ ነው። ሰሜኑ ምድረ በዳ ነው። ከኮርዶፋን ግራር የሚለቀመው ሙጫ ለከረሜላና ለመጠጥ ፋብሪካዎች በዓለም ሁሉ ይሸጣል። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር እንደ መተማችን ሰሊጥና ማሽላ ያበቅላል፤ በእኛ ዘንድ ሳሉግ የምንለው የቀን ሠራተኛም በአጨዳ ወራት ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ኖሯል።

ስለ ጥንቱ ጥቂት እንቆይ። የመርዌ ነገሥታት ያሠሯቸው ፒራሚዶች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ንግሥቶቻቸው «ካንዳኬ» በሚል ማዕረግ ይጠሩ ነበር፤ የታሪክ ሊቃውንት ይህንና በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናነበውን የህንደኬን ስም አንድ ያደርጉታል። የጃንደረባውን ነገር ግን ለመተርጉማን እንተወዋለን። ከስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በዚያው ምድር ኖባድያ፣ ማኩርያና አልዋ የተባሉ ክርስቲያን መንግሥታት ነበሩ፤ የአልዋ ከተማ ሶባ ከዛሬው ካርቱም አጠገብ ነበረች። የአስዋን ግድብ ውኃ ከመዋጡ በፊት በፋራስ ደብር ግድግዳ ላይ ከ100 በላይ ሥዕሎች ተገኝተው፣ እኩሌቶቹ ወደ ካርቱም፣ እኩሌቶቹ ወደ ዋርሶ ተወሰዱ። ከእነዚያም አንዱ ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ ውስጥ ቆመው መልአኩ ሲጠብቃቸው ያሳያል። ይህን ለተማሪዎቻችን በነገርናቸው ጊዜ፣ «እነርሱም ያውቁታል?» ብለው ተደነቁ።

በእኛ ቤት ስለ ሱዳን የሚነገረው ግን ሌላ ነው፤ ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ማቃጠላቸው፣ ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚሁ በመተማ ቆስለው መሞታቸው። አንረሳውም። ነገር ግን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወደ አገራቸው የገቡት ከሱዳን ተነሥተው መሆኑን፣ በደርግ ዘመን ከጦርነትና ከረኀብ የሸሸው ወገናችን በገዳሪፍ አውራጃ ተጠልሎ መኖሩን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ የሸሸው በኡም ራኩባ መጠለሉን ማን ለልጆቹ ይነግራል?

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን፣ እኛ ለቀዳም ሥዑር ቄጤማ በምንታደልበት ቀን፣ በካርቱም የአገሪቱ ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ተዋጉ። ጦርነቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል፤ ሥዕሎቹ የነበሩበት ሙዚየምም ተዘርፏል። በዚያ ሰሞን በመተማ በኩል ሐኪሙም ነጋዴውም የቤቱን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ገባ። ብዙዎች በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በ2016 ዓ.ም. ግን የታጠቁ ሰዎች እየዘረፏቸውና እየደበደቧቸው ብዙዎች መጠለያውን ትተው በመንገድ ዳር ወድቀው ነበር። ይህም በእኛ ምድር ሆነ፤ ስንጽፈው እጃችን ይከብዳል።

ከመጡት መካከል አንድ መምህር ነበረ፤ እንደ እኛ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። በገበያ አግኝተነው ሻይ ስንጠጣ የልጁን ጥያቄ ነገርነው። ጥቂት ሣቀና፣ «የእኔ ተማሪዎች ደግሞ አትባራ ከላይ ምን ይባላል ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ አላውቅም አልኳቸው» አለን። የጓንግን ስም በዐረብኛ ፊደል ጽፎ በኪሱ ከተተው።